ራስጌው ላይ ጭረት ያለበት አልጋ

ሐሙስ፣ መጋቢት 11
ከሱቅ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት

ውድ ባለቤቴ፣

ሰላምታዬ እንደ ናፍቆቴ ይብዛልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሥራውስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና የምለው ቆሜ ስለምሄድ ነው እንጂ ሰሞኑን ንዴት አንጀቴን እያሳረረው ነው።

ሰኞ በደረሰኝ ደብዳቤህ ስለ እናትህ የጠየቅኸው አንድ መስመር ነው፦ «ለእናቴ አልጋው ተስማማት?» ይላል። መልሱ ግን በአንድ መስመር አያልቅም። የዕለት ማስታወሻ ደብተሬን ከፍቼ ቀን በቀን እያየሁ ነው የምጽፍልህ፤ ኋላ «አጋነንሽ» እንዳትለኝ።

እማማ ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ያለኝን ጽፌልህ ነበር። የተሰበረው ዳሌያቸው ገጥሟል። ከእንግዲህ የሚያድናቸው መድኃኒት ሳይሆን በየቀኑ በራሳቸው ጉልበት ከአልጋ መነሳት ነው። አልጋው ከጉልበታቸው ከፍ ያለ፣ ሲደገፉት የማይነቃነቅ መሆን አለበት። «ሰው እያነሳቸው ሁለት ወር ከከረሙ ከዚያ ወዲያ አይነሱም» ነው ያለኝ።

አንተ የመለስክልኝ «አዲስ አልጋ ቅንጦት ነው፤ ያገለገለ ግዢ፤ አንቺ እንደሆንሽ ተከራክረሽ ታወርጃለሽ» ብለህ ነው። የምትልከው ካነሰ ወዲህ አዲስ የሚባል ነገር ቤታችን አልገባምና እኔም እሺ አልኩ። ያገለገለ የቤት ዕቃ ወደሚሸጥበት ሰፈር ሄድኩ።

ሻጩ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ፣ አፉ ቅቤ የሆነ ሰውዬ ነው። አንድ አልጋ ዓይኔ ገባ፤ ቁመቱ ልክ፣ እንጨቱ ወፍራም። ዞር ዞር ብዬ ሳየው ራስጌው ላይ ስንዝር የሚያህል ጭረት አገኘሁ።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ውይ እህቴ፣ ዓይንሽ የንስር ነው! እሱን እንኳ እስከ ዛሬ ማንም አላየብኝም።»

«የሚመጣብህ ሰው ሁሉ ዕውር ይሆናላ። እኔ በዚህ ዋጋ የተጫረ አልጋ አልገዛም።»

«ልጆቼን ልታስርቢብኝ ነው እንዴ?»

«ጭረቱን አብላቸው።»

ሁለት ጊዜ ወጥቼ፣ ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ተመልሼ፣ ከጠራው ዋጋ ሲሶውን አወረድኩ። በጋሪ አስጭኜ ስገባ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራሁ አሳየሁ። የዚያን ቀን ማስታወሻዬ ላይ «ዛሬ ቀንቶኛል» ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን ሳነበው ፊቴን ያቃጥለኛል።

በአራተኛው ቀን እማማ ለመነሳት ሲደገፉ የጎኑ እንጨት ቋ አለና ርብራቡ ወለሉ ላይ ወረደ። ሮጬ ስገባ ፍራሹ መሀል ሰምጠው እግራቸው ብቻ ወደ ላይ ቀርቷል።

«ተጎዱ እንዴ እማማ?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ሐኪም የሚያስፈልገው አልጋሽ ነው።»

በሚስማር መታሁት። በሳምንቱ ሚስማሩ ተነቀለ። ኮላ ቀባሁት፤ ኮላው የያዘው ጎን ሲጠነክር ሌላው ጎን ለቀቀ። ከሥሩ ጡብ ደረደርኩ፤ ጡቡ አንዱን ወገን ከፍ ስላደረገው እማማ ወደ ግድግዳው እየተንሸራተቱ «ልጄ፣ መርከብ ላይ ነው እንዴ ያሳፈርሽኝ?» ይሉኛል። ከሱቅ ወደ መዶሻ፣ ከመዶሻ ወደ ሱቅ ሆነ ኑሮዬ። የግራ አውራ ጣቴ እስካሁን እንደጠቆረ ነው። አንድ አልጋ ሰውን ይህን ያህል ያዋርዳል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ከዚያ ድንገት አልጋው መሰበሩን ተወ። ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ስላቸው «ዓይኔን ሳልገልጥ ነጋልኝ» ይሉኛል። ጡቡ ሠራ ብዬ እፎይ አልኩ። ነገር ግን እግራቸው ማበጥ ጀመረ። በፊት ተነስተው ሦስት አራት እርምጃ ይራመዱ የነበሩት ሴት ከወንበር መነሳት አቃታቸው። እኔም ሁለት ብብታቸውን ይዤ ማንሳት ጀመርኩ፤ ሐኪሙ አይሆንም ያለኝን ማለት ነው።

ከትናንት በስቲያ ማክሰኞ አንሶላ ልለውጥ ስገባ እሑድ ያነጠፍኩት እጥፋቱ እንኳ ሳይነካ አገኘሁት። ትራሱና ብርድ ልብሱ ያሉት ወንበሩ ላይ ነው። ለካስ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚያድሩት ተቀምጠው ነበር።

«ምነው እማማ፣ ሳይነግሩኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ? ‘እንዲህ አድርጌ አወረድኩት’ እያልሽ ለጎረቤት ስታወሪ ሰምቻለሁ። ልጄ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እንዲያ ስትስቂ ያየሁሽ ያን ቀን ነው። ታዲያ እኔ በስተርጅናዬ የሰው ሳቅ ልስበር? የራሴ ስብራት ይበቃኛል።»

አልጋውን ገለበጥኩት። የጎኑ እንጨት ከሥር በኩል በስቱኮ ተሞልቶ ቀለም ተቀብቷል። በቢላ ጫፍ ብነካው ውስጡን ነቀዝ ጨርሶት ዱቄት ሆኗል። ያን ሁሉ ሰዓት በጭረት ስከራከር አንድ ጊዜ ጎንበስ ብዬ ሥሩን አላየሁም!

ሱቄን ዘግቼ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። የሄድኩት ሰፈሩን በጩኸት ላነሳበት ነበር።

«እህቴ፣ ጉድለቱን ራስሽ አገኘሽ፣ እኔም ቀነስኩልሽ፣ ተስማማን። ምን ቀረን?» አለኝ፣ እርሳሱን ከጆሮው ሳያወርድ።

«ጭረቱን ሆን ብለህ ነው ሳትቀባ የተውከው።»

«ዓይንሽ የነጋዴ ነው፤ ለመሆኑ አንቺ ምን ትሸጫለሽ?»

«ብርጭቆና ሳህን።»

ሳቀ። አንተ ታውቃለህ፤ ስድስት ብርጭቆ ስደረድር አበባው ትንሽ የሳተውን ከላይ አደርጋለሁ። ደንበኛው እሱን አግኝቶ፣ አስቀንሶ፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። የታችኞቹን እያነሳ ስንጥቃቸውን አያይም። እኔ ብቻ ያገኘሁት ብልሃት ይመስለኝ ነበር። ምን አፍ አለኝና ልጩህ? እንደሄድኩ ተመለስኩ። ብርጭቆዎቹ ግን እንደደረደርኳቸው ናቸው፤ ገና እጄ አልደፈረም።

ንዴቴ አልበረደም። በሰውዬው ተናድጃለሁ፣ በራሴ ተናድጃለሁ፣ ይቅርታ አድርግልኝና በአንተም ተናድጃለሁ። ከሩቅ ሆኖ «ታወርጃለሽ» ማለት ቀላል ነው።

ትናንት አናጢ ጠርቼ የእኛን አልጋ፣ ስንጋባ ያሠራነውን፣ አስፈታሁና እማማ ክፍል አስተከልኩት። «ይሄማ የባልና ሚስት አልጋ ነው፤ ነውር ነው!» ብለው ተከራከሩኝ። «ከነጋዴ ጋር ክርክር?» ስላቸው ተሸነፉ። ጠርዙ ላይ አስቀመጥኳቸው። ልደግፋቸው እጄን ስዘረጋ በጥፊ መቱት። አንድ ጊዜ ሞክረው ቁጭ አሉ። ደግመው ቁጭ አሉ። በሦስተኛው ራስጌውን ጨብጠው ተነሱ፤ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ እስከ በሩ ሄዱ። አልጋው ንቅንቅ አላለም። «ለልጄ ጻፊለት፤ ቆማለች በይው» ብለውኛል።

ጭረት ያለበት አልጋ እኔ ክፍል ገባ። አናጢው የተበላውን እንጨት ቆርጦ ጥሎ አዲሱን ሲለካ ቀና አለና «እትዬ፣ ለአንድ ሰው ነው ለሁለት? ለሁለት ከሆነ መሀሉን የሚሸከም ሌላ እንጨት ልጨምርበት። ባለቤትዎ መቼ ነው የሚመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ደብዳቤህ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አንስቼ ፊቱንም ጀርባውንም አየሁት፤ ስለ መምጣትህ አንድ ቃል የለበትም።

«ለአንድ ሰው ሥራው» አልኩት።

እማማ ቆመው መርቀውሃል፦ እጅህ አይዛል፣ የረገጥከው ይለምልም፣ ክፉ አይንካህ ብለዋል። እኔም አሜን ብያለሁ።

ባለቤትህ