ከ«ጌት» ጋር የሰነበትኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ግንቦት 3። ከምሳ በኋላ።
ዛሬም 12ኛ «ለ»። ዛሬም «ጌት»። ይቺ የእንግሊዝኛ ግስ አታልቅም። ማግኘት ናት፣ መድረስ ናት፣ መሆን ናት፣ መረዳትም ናት። እንደ ቀበሌ ጥበቃ የማትገባበት የለም! አንዱ ተማሪ ፈተና ላይ የትኛው ትርጉም እንደሚመጣ ጠየቀኝ። ለብቻዋ አይተህ አታውቃትም፣ አጠገቧ ያሉትን ቃላት እይ አልኩት።

ምሳ ለብቻዬ፣ ያችው ጥግ ያለችው ጠረጴዛ። አዋሳ ተመድቤ ከመጣሁ ሁለት ዓመት አለፈኝ፤ ቤቱ የጠራኝ ሰው የለም። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ትላለች እማዬ። ት/ቤት እንደተዘጋ ደሴ፣ እሷ ዘንድ፣ እሄዳለሁ። ለመንገድ የቀበሌ መሸኛ ወረቀት ጠይቄአለሁ፣ ወር ይፈጃል አሉኝ። ላንቺ ለማስታወሻዬ ልንገርሽ፤ በጣም ናፍቃኛለች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4። 11 ሰዓት።
ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ዋልኩ። «ጌት»ን ወደ እንግሊዝ ያመጡት ባሕር ተሻግረው የሰፈሩ የሰሜን ሰዎች ናቸው ይላል። እንደኔ መጤ። ግን እሷ ከሀገሬው ጋር ተዋህዳለች። መውለድና መርሳት የሚሉት የእንግሊዝኛ ግሶችም፣ «ቢጌት» እና «ፎርጌት»፣ ከእሷ ወገን ናቸው አሉ። ክፍል ውስጥ ብናገር ማንንም አልገረመም። ለማን ልንገር?

ረቡዕ፣ ግንቦት 5።
ጉድ ነው! ር/መምህሩ፣ ያ ቁጡ ሰውዬ፣ ቢሮ ጠርቶ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ስለ ቤተሰቤም። እናቴ ብቻ ናት ያለችኝ አልኩት። መሳቢያውን ከፈተ። መሸኛህ ወጥቷል አለኝ። የሒሳብ መምህሩ ተስፋዬ ደግሞ፣ ሰላምታ የሚከብደው ሰው፣ ምሳ ካልጋበዝኩህ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ሐይቁ ዳር ዓሣ በላን። እሱ እምብዛም አልቀመሰም፣ እኔን ብቻ ብላ፣ ብላ ይለኛል። ደስ አለኝ። ሰው አገኘሁ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6። ማምሻ።
ጎረቤቴ ወ/ሮ አየለች ቆጮ በጎመን ይዘውልኝ መጡ። የሲዳማ ሴት ናቸው፣ ዝምተኛ። እስክጨርስ ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። ሲወጡ ጌታ ያበርታዎት አሉኝ። ጴንጤ ስለሆኑ ስንብታቸው ነው ብዬ አሜን አልኩ። ነገ ጧት የትም እንዳልሄድም ለመኑኝ። እንግዳ ሊያመጡልኝ ይሆን? ቤቱን ጠረግኩ።

ዓርብ፣ ንጋት።
በሩ ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። ር/መምህሩ፣ ተስፋዬ፣ ወ/ሮ አየለች፣ የት/ቤቱ መምህራን በሙሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እስከ ትናንት ሰው ረግጦት የማያውቅ ደጄ ሞልቷል።

ለካ መርዶ ይዘው ነው። ዓሣው ለዚህ ነበር፣ ቆጮውም፣ መሸኛውም። በባዶ ሆዴ እንዳልሰማው ነው። ሁሉም ሲያውቅ እኔ ስደሰት ሰነበትኩ።

የእማዬን መርዶ።

ተስፋዬ ስሜን እየጠራ ነው፣ ቀስ ብሎ። ልከፍትላቸው ነው። እማዬ፣ ትናንት ብቻዬን አልበላሁም፣ ከትናንት ወዲያም…