የእናታችን የእማማ በረኪና ሕይወትና ያልገጠመው ቁስል

እናታችን ከአናጺው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው አባታቸው በመሞታቸው ትምህርቱን አቋረጡ፤ በአሥራ ሰባት ዓመታቸውም በከተማችን ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ተቀጠሩ። «እማማ በረኪና» የሚለውን ስም በኋላ ያወጡላቸው ነርሶቹ ናቸው። እሳቸውም ወደውት ነበር።

የሆስፒታሉን ሹፌር አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። እኛን ለአንዲት የሸሚዝ እድፍ ቁም ስቅላችንን ያሳዩን ነበር፤ ሆስፒታሉ ሲጠራቸው ግን እሑድም ቢሆን እሺ ባይ ነበሩ። አባታችን «የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። የሚሠሩበት ክፍል መስኮት ስላልነበረው የበረኪናው ሽታ ደረታቸውን ጎድቶት ሳል ያዛቸው። መስኮት ይውጣልን ብለው ለመጣው ኃላፊ ሁሉ ቢናገሩም ውሃ ወቀጣ ሆነባቸው። ጡረታ ሲወጡ ሳሉን ይዘው ወጡ።

ባለፈው ወር አንጀታቸው ታጥፎ በዚያው ሆስፒታል የሆድ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። መጀመሪያ ደህና ነበሩ። ከቀናት በኋላ ግን ደም የቀላቀለ ውሃ ፋሻውን ያርሰው ጀመር፤ ባሳሉ ቁጥርም ስፌቱ ሲሳብ ይሰማቸው ነበር። ታናሿ ልጃቸው ይህንን ለሐኪሙ ብትነግረው፣ ፋሻውን እንኳ ሳይፈታ «ያለ ነው፣ ይደርቃል» ብሎ፣ አልጋው ለሌላ ይፈለጋል በማለት አስወጣቸው። እናታችንም ሐኪሙን አታስቸግሩት ብለው የተቆጡት እኛን ነበር።

በማግስቱ የቤታችንን ደረጃ ሲወጡ ሳል አጣደፋቸው፤ ስፌቱ ተተርትሮ አንጀታቸው ወጣ። አባታችን በንጹሕ ፎጣ ሸፍነው፣ በሁለት እጃቸው ደግፈው ወደ ሆስፒታሉ መለሷቸው። ዳግም ቢሰፋላቸውም ቁስሉ መግል ያዘ፤ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በስድሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ። ሐኪሙ ምክንያቱን ስንጠይቀው «ብዙ ያስሉ ስለነበር ነው» አለን። አዎ፣ ያስሉ ነበር። ሳሉን ማን እንደሰጣቸው ግን አልጠየቀንም።

እናታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። እሳቸው ቂም አያውቁም ነበር፤ እኛ እንደሳቸው አይደለንም። ከሆስፒታሉ የተላከው የአበባ ጉንጉን በሣጥናቸው ላይ አላረፈም፤ ከበሩ ውጭ ነው ያለው፣ ያመጡት ሲመለሱ ይዘውት ይሂዱ። የእናታችንን ነፍስ ፈጣሪ ሥቃይ በሌለበት ያሳርፍልን። ይቅር በሉ የሚለን ሰው ግን ዛሬ አይምጣብን።