ከስክሪኑ ሥር የለጠፍኩት ወረቀት

ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ እህቴ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ያ ቀኙ ተሻለው ወይ? የእማዬስ ዓይን እንዴት ሆነላት፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ቻለች ወይስ አሁንም ልጅሽ ድምቡሼ ናት የምታስገባላት? ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ የክፍልሽ ልጆችስ? ያ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጥያቄ በጥያቄ ላይ የሚደራርብብሽ ልጅ አሁንም እንዳደረቀሽ ነው? እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔም ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ደህና ነኝ ስልሽ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ በሰዓቴ ሥራ እገባለሁ ማለቴ ነው። የቀረውን እታች ታነቢዋለሽ።

ደብዳቤሽ ሰኞ ደርሶኛል። ስልክ ወሬ ይሸራርፋል ብለሽ ሁልጊዜ በእጅሽ ነው የምትጽፊልኝ፤ እኔም ይኸው በእጄ እጽፍልሻለሁ። ላፕቶፕ ሲሸጥ የሚውል ሰው ካርቶን ላይ ተደፍቶ በእስክርቢቶ ሲሞነጫጭር ያዩ የሥራ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ ምን ቸገረኝ።

ትንሹ ወንድማችን ኮሌጅ ሊገባ ስለሆነ ላፕቶፕ ያስፈልገዋል ብለሻል። ከቤታችን ጀርባ ያለው ባለሱቅ አንዲት ርካሽ አሳይቷችኋል፤ አዲስ ናት፣ ቀላል ናት፣ አራት ጊጋ ሜሞሪ አላት። ያኔ እኔ ከላክሁልሽ ጋር አንድ ዓይነት ናት። አንቺም፣ ያንተዋ እስካሁን ደህና እየሠራችልኝ ስለሆነ እሷን የመሰለች ብንገዛለት ምን ትላለህ፣ መቼም አንተ የምታውቀውን እኛ በምን እናውቀዋለን ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እሺ፣ በመጀመሪያ እንደ ሻጭ ልመልስልሽ። እማዬ ልብስ የምትቆርጥበትን ጠረጴዛ አስቢው። ቁም ሣጥኑ ሌላ፣ ጠረጴዛው ሌላ ነው። ፋይልሽ፣ ፎቶሽ፣ ፊልምሽ የሚቀመጠው ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ እሱ ሰፊ ሊሆን ይችላል። ሜሞሪ የምንለው ግን ጠረጴዛው ነው። አራት ጊጋ ማለት ጠባብ ጠረጴዛ ነው፤ ግማሹን ደግሞ ማሽኑ ገና ሲነሣ ራሱ ይይዘዋል። አንድ ጨርቅ ብትዘረጊ ያሠራሻል። ሁለተኛ ስትጨምሪ ግን አንዱን አጥፎ ቁም ሣጥን መክተት፣ ሲያስፈልግ ማውጣት፣ እንደገና መክተት ነው ሥራው። ተንቀራፈፈች የምትይው ያን ጊዜ ነው። አንዳንዱን ማሽን ከፍቶ ሜሞሪ መጨመር ይቻላል፤ የዚህች ግን ከቦርዱ ጋር ተበይዶ ነው የመጣው፣ እንደ ገዛሻት ትኖሪያለሽ።

ታዲያ ዋጋዋን አታወጣም ወይ ብትይኝ፣ እንደ ሰው ነው እልሻለሁ። አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ከእኔ ገዝተው ከማሽኑ ጋር ዳማ ይጫወቱባታል። በየወሩ ሱቅ ብቅ ብለው ይመርቁኛል፤ እሳቸው አልተታለሉም። ዳማ ብቻ ነው የሚከፍቱት፣ ተሸንፈው ሲናደዱም ዳማውን ይዘጋሉ። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ግን ያችኑ ገዝታ በሳምንቱ መለሰቻት፤ አምስት ነገር ከፍታ ስትጠብቅ ሻይዋ ቀዝቅዞባት። ስለዚህ ርካሽ ናት ወይ ተብሎ አይጠየቅም፣ ምን ሊሠራባት ነው ተብሎ ነው የሚጠየቅ። ትንሹ ትምህርት ይከታተልባታል፣ ይጽፍባታል፣ በዚያው ላይ ሙዚቃውን መቼም አይተውም። አይሆነውም። አዲስ አራት ጊጋ ከምትገዙለት ያገለገለች ስምንት ጊጋ ፈልጉለት። ጫፏ ቢጫጫር ምን ይላታል፣ ሊድራት አይደል።

ይህ የሻጩ መልስ ነው። አሁን የወንድምሽን ስሚ፤ ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነውና።

ያንተዋ ደህና ናት ብለሽ የጻፍሽው ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ በፊት ትንሹ ደውሎ ሁሉንም ነግሮኛል። አደራ እንዳትቆጪው፤ አልችል ብሎ ነው።

የመምህርነት ፈተናውን አላለፍኩም፣ ሌላ ጊዜ ይሆናል ብለሽ ነበር በስልክ የነገርሽኝ። ወዲያውም ጉንፋኔ ተሽሎኝ እንደሆነ ጠየቅሽኝ። እኔም ይሁና፣ አይዞሽ ብዬ አለፍኩት። ለካስ ነገሩ ሌላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያለ ምስክር ወረቀት በምትክነት ስታስተምሪ ኖረሽ፣ አሁን ወረቀት የሌለው በሚቀጥለው ዓመት አይቀጥልም ሲባል ነው ለፈተናው የተመዘገብሽው። ፈተናው ቤት ሆኖ በኢንተርኔት ነው፤ ሕጉም ካሜራው እስከ መጨረሻው ፊትሽን ማየት አለበት የሚል ነው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ማሽኗ ቀጥ አለችብሽ። ገጹ አልገለበጥ አለ። አንቺም ከስክሪኑ ሥር ወደለጠፍኩልሽ ወረቀት ዓይንሽን ዝቅ አድርገሽ አየሽ።

የወረቀቷን ቃል እኔም አልረሳሁትም። «እታለም፣ አንድ ነገር ብቻ ክፈቺ። ከተንቀራፈፈች ሌላውን ዝጊ» ይላል። አንቺም ካሜራውን ዘጋሽ። ማሽኗ ተነቃቃች፣ ጥያቄው ይፈስልሽ ጀመር፣ ሁሉንም ሠርተሽ ጊዜም ተረፈሽ። ያን ቀን ደስ ብሎሽ እማዬን ጉንጯን እንደሳምሻት ትንሹ ነግሮኛል። በሳምንቱ ውጤትሽ ተሰርዞ መጣ። ካሜራ ዘግታለችና አጭበርብራለች ተባልሽ።

እንግዲህ የሚከብደው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ፈታኞቹ ጠርተው ሲጠይቁሽ ማን ዝጊ አለሽ ብለውሻል። ማንም አላለኝም፣ ራሴ ነኝ ብለሻል። ወደዚያ ከመሄድሽ በፊት ደግሞ ማሽኗን ይዘሽ ነይ ስላሉሽ፣ ወረቀቷን በጥፍርሽ ቀስ ብለሽ ላጥሻትና ከስም መጥሪያ ደብተርሽ ውስጥ ከተትሻት። ትንሹ በበሩ በኩል ሲያይሽ አላየሽውም። የእኔን ጽሕፈት እንዳያዩብሽ ነው አይደል? ሰው ነግሯት ነው ቢባል ይቅር ይሉሽ ነበር እኮ እታለም።

ይህን ሲነግረኝ መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን እየደረደርኩ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ካርቶኑን ማንሣቴን ቀጠልኩ። ስድስት ቀረኝ፣ ስድስቱንም ደረደርኩ። አላለቀስኩም። ጥርስ ሲነቀል በመርፌ የደነዘዘ ድድ ታውቂው የለ? ምላስሽ ሲነካው የሌላ ሰው ይመስልሻል። ልቤ እንደዚያ ሆነብኝ፣ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከእነዚያው ማሽኖች ሁለት ሸጬአለሁ። ለእርስዎ ትበቃዎታለች አልኩ።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልንገርሽ። አውቅ ነበር። እዚህ ሱቅ የገባሁ ቀን አለቃችን፣ እሱ በሌለበት ባለ ከረባቱ የምንለው፣ የመጀመሪያ ትምህርት አድርጎ የነገረን ነገር ቢኖር ለገዢ ስታሳዩ አንድ ነገር ብቻ ክፈቱ የሚል ነው። አንድ ፎቶ ወይም አንድ አጭር ፊልም ይከፈታል፤ ገዢው ሁለተኛውን ሊከፍት እጁን ሲሰድ ስለ ቀለሟ እናወራዋለን። በዚህ ሥራ ከእኔ የሚበልጥ አልነበረም። ላንቺ የገዛሁ ቀን ስምንት ጊጋዋ ከጎኗ ተደርድራ ነበር። መግዛት አቅቶኝ አይደለም። ለእሷ ትበቃታለች ብዬ ነው። ለእታለም ትበቃታለች! ፊደል ያስቆጠረችኝን፣ አርባ ሁለት ልጅ የምታስተምረውን ሴት በልቤ ከባለ ዳማው ሽማግሌ ጋር ደመርኳት። ማሽኗ እንደምታንስሽ ስለማውቅም ነው ያችን ወረቀት የጻፍኩት። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም የሚባለው እኔን ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳትይኝ እንጂ፣ አንድ ነገር አድርጌአለሁ። እዚህ አንድ የጥገና ባለሙያ አለ፣ ከአፉ ቃል ስለማይወጣ አባ ዝምታ እንለዋለን። ነገርኩት። ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ከመደርደሪያ ያችኑ ዓይነት አውርዶ አመጣ። ካሜራውን ከፈትን፣ አንድ ረጅም የጥያቄ ገጽም አብረን ከፈትን፣ ሰዓት ይዘን ተቀመጥን። በአሥራ ዘጠነኛው ደቂቃ ቀጥ አለች። ካሜራውን ስንዘጋው ነቃች። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። አባ ዝምታ ያየውን ሁሉ በአንድ ገጽ ጽፎ ፈረመበት፤ ስልክ ቁጥሩንም አስቀመጠ። የሱቁን ማኅተም እንዲመታልን ባለ ከረባቱን ብጠይቀው፣ ማኅተሙን ከነካችሁ በዚህ በር ሁለተኛ አትገቡም አለ። ያለ ማኅተም ይሂድ።

ከዚያ ወዲህ ለገዢ ሳሳይ ካሜራውንም፣ ፊልሙንም፣ ጽሑፉንም አንድ ላይ እከፍትለታለሁ። የሚገዛ ይገዛል፣ የሚሄድ ይሄዳል። የሚሄዱት ስለበዙ ባለ ከረባቱ ከሽያጭ አንሥቶ ወደ መጋዘን ልኮኛል። አትጨነቂ፣ አላባረረኝም። ካርቶን ዝም ስለሚል ተስማምቶኛል።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ አብራን የምትሠራው የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ እሑድ ትሳፈራለች። ሦስት ነገር ይዛልሻለች። አንዱ የአባ ዝምታ ወረቀት ነው። ሁለተኛው የእኔ ነው፤ ማሽኗን እኔ እንደገዛሁልሽ፣ ዝጊ ብዬ የጻፍኩልሽም እኔ እንደሆንኩ ከነምክንያቱ ዘርዝሬዋለሁ። ሦስተኛው የራሴ ላፕቶፕ ነው፣ አሥራ ስድስት ጊጋ አለው። እንደገና ስትፈተኚ በእሱ ትፈተኛለሽ። ምንም ወረቀት አልለጠፍኩበትም፤ እንደፈለግሽ ክፈቺው።

ይግባኝ እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚቀበሉ ትንሹ ጠይቆ ነግሮኛል። አንቺ ደግሞ የወንድሜን ስም አላነሣም ትያለሽ፣ ግትርነትሽን አውቀዋለሁ። እስቲ አስቢው እታለም። እኔን እዚያ ማን ያውቀኛል? ስሜ ቢጠፋ ምን ይጎድልብኛል? ያንቺ ስም ግን በየጠዋቱ አርባ ሁለት ልጅ ተነሥቶ እንደምን አደሩ መምህርት የሚለው ስም ነው። አጭበርባሪ ተብለሽ ከዚያ ክፍል ከወጣሽ እኔ ይህ ድንዛዜ መቼም አይለቀኝም። እንዲለቀኝ ብለሽም ቢሆን አድርጊው።

ለእማዬ እጅ እነሣለሁ። መነጽሩን ታድርገው፣ አስቀያሚ አድርጎኛል አትበል፤ ማን ሊያጫት ነው በዚህ ዕድሜ። ይህን ያልኩት እኔ እንደሆንኩ እንዳትነግሪያት። ትንሹን በጣም አድርገሽ ሳሚልኝ፤ ወሬ አቀባይነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅሞናል በይው። ድምቡሼ እናትሽ ጎበዝ መምህርት ናት ይልሻል አጎትሽ በያት፤ ጉንጯንም አንዴ ቆንጠጥ አድርጊልኝ። ከጎን ላሉት ጎረቤታችን፣ በፈተናው ቀን ኢንተርኔት ላበደሩሽ፣ ምስጋናዬን አድርሺልኝ።

አንቺን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ያችን ወረቀት ከስም መጥሪያ ደብተርሽ አውጪና ከነበረችበት መልሰሽ ለጥፊያት። ማሽኗን ይዘሽ ሂጂ። ጽሕፈቱ የማን ነው ሲሉሽ የወንድሜ ነው በያቸው። ልጅ ሆኜ የቤት ሥራዬን ስም ሳልጽፍበት ሳስረክብሽ፣ ባለቤት የሌለው ሥራ አላርምም ብለሽ ትመልሺልኝ ነበር። ይኸው ከዚህ ጋር በላክሁት ወረቀቴ ላይ ስሜን ከነአያቴ ጽፌአለሁ። አርሚው።

ወንድምሽ
ከሱቁ ጀርባ፣ ከመጋዘኑ
ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ በምሳ ሰዓት