ከወለጋ የመጣው ዲስክ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ወንድም ዓለም ጃፈር፣ እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የእናታችን ዓይን ፋሻው ተነሣላት ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ድካሙ ብቻ ጉልበቴን ሰብሮታል።

«ከእናትህ ዕቃ በለጠብህ» ብለህ ስልኩን ስትዘጋብኝ አልተቀየምኩም። ለኦፕራሲዮኗ እመጣለሁ ብዬ የቀረሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ብነግርህ ይሻላል ብዬ ነው።

ልነሣ ባልኩበት ማክሰኞ ጠዋት መምህር ወልደኪዳን የሚባሉ ሰው ወደ መጠገኛ ሱቄ መጡ። ከወለጋ ተፈናቅለው እዚህ ካምፕ ነው የሚኖሩት። ሲሸሹ የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር ፈተው ዲስኩን ብቻ በነጠላ ጠቅልለው ወጥተዋል። የተማሪዎቹ ውጤት ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ካምፕ ያሉት ሃያ ስድስት ልጆች ውጤታቸውን እስከ ዓርብ ካላቀረቡ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አይመዘገቡም ተብለዋል።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ዕድሜው አልቋል። እሱን ሳላደክም ያለውን በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ። ዲስክ እንደ አባታችን ማሳ በድንበር ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጠው። ድንበሩን አንብቦ እያንዳንዱን ክፍል ለብቻው የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፤ በኮምፒውተሬ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ ትእዛዙን ጻፍኩለት። ሁለት ክፍል መኖሩን ነገረኝ፤ የተከፈተው ግን አንደኛው ብቻ ነው፤ እሱም ባዶ። ለካ በመካከሉ መብራት ሲጠፋ ግልበጣው ሁለተኛው ክፍል ሳይደርስ ተቋርጦ ኖሯል።

መምህሩን እናቴ ኦፕራሲዮን ልትገባ ነው አልኳቸው። «ሂድ ልጄ፤ እኛ መጠበቅ ለምደናል» አሉኝ። እንዲያ ባይሉኝ እሄድ ነበር።

ጄኔሬተር ተውሼ ከተቋረጠበት ቀጠልኩ። ሐሙስ ከሰዓት ትእዛዙን ደግሜ ብጽፍ ሁለተኛው ክፍል ተከፈተ፤ የተማሪዎቹ የውጤት ሮስተር በየዓመቱ ተደርድሮ አለ። የዘጠነኛ ሐ ፋይል ግን ተበላሽቶ አልወጣም፤ በዚያ ምክንያት አራት ልጆች ሳይመዘገቡ ቀሩ። እሱ እስካሁን ይከነክነኛል።

የሚታተመውን ስንመርጥ መምህሩ ጣታቸውን አንድ ስም ላይ አሳረፉ፤ አልታየች ወልደኪዳን፣ ሦስተኛ ደረጃ። ሦስት ቀን አብረን ስንቀመጥ ልጅ እንዳላቸው አልነገሩኝም ነበር። ካምፕ ናት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «መንገድ ላይ ቀረች። የእሷንም አውጣልኝ» አሉ። አተምኩላቸው። የእሷን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ የልጆቹን ወረቀት በክንዳቸው ይዘው ወደ ካምፑ ሄዱ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ይህንንም አንብብላት። ባለቤትህን ሙስሊማን፣ እናታችንን ስላስታመመችልኝ አላህ ይስጥልኝ በላት። ልጆችህን ሰብሪናንና ትንሹን አብዱልጀሊልን ጉንጫቸውን ሳምልኝ።

ወንድምህ ያዕቁብ
ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.