የእማዬ እብጠትና ሰብለ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14፣ 1997፣ ግራንድ ፕሬሪ፣ ካናዳ

ሰብለ ቸርች አብራን ስለምትዘምር ወሬ ታወጣለች ማለት ነው እንዴ? እማዬ ታበዛዋለች። ጡቷ ላይ እብጠት ካገኘች ወር ሆናት። ፈረንጅ ሐኪም ጋ ልውሰድሽና ላስተርጉምልሽ ብላት፣ "ወንድ ልጄ ፊት አልገልጥም" አለች።

"ይሄንኑ አይደል እንዴ ያጠባሽኝ?" አልኳት። አልሳቀችም።

ኦኬ፣ እኔ እያለሁ ሰው ይጠፋል? ሰብለን አገኘሁ። ነርስ ብትሆንም እንደ ሐኪም ትመረምራለች፣ መድኃኒት ታዛለች፣ አማርኛዋም ያው የኛው ነው። እማዬ ግን "እሁድ ቸርቹ ሁሉ ያውቀዋል" ብላ እንቢ አለች።

የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት በአንድ እጄ የምነዳው ልጅ፣ ዛሬ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ለሰብለ ደወልኩ። አላነሳችም። መልእክት መቀበያ ማሽኗ ላይ እንዲህ አልኳት፦ "ሰብልዬ፣ ለማንም እንደማትናገሪ ራስሽ ለእማዬ ንገሪያት። ዛሬውኑ ደውይ።"