ወይዘሮ ላቀች ይርጋ ያላመኑት ዜሮ

ወይዘሮ ላቀች ይርጋ ከአባታቸው ከመሪጌታ ይርጋ ዋሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደስታ አያሌው በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር መንደር ተወለዱ። መታወቂያቸው መስከረም 1 ቀን 1954 ዓ.ም. ይላል። እርሳቸው ግን አላመኑትም፤ የአገሩ ሰው ሁሉ እንዴት በአንድ ቀን ይወለዳል ይሉ ነበር። እናታቸውንና የክርስትና እናታቸውን ለየብቻ ጠይቀው፣ ሁለቱም «ገብስ ሲታጨድ» ስላሉ ኅዳርን ተቀበሉ። እኛም ኅዳር 1954 ብለን ጽፈናል።

ፊደልና ዳዊት ያስተማሯቸው በጋይንቱ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩት አባታቸው ናቸው። ዘመናዊ ትምህርታቸውን በመካነ ኢየሱስ ጨርሰው፣ በጎንደር በጤና ረዳትነት ሠልጥነው በ1976 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። በእስቴ፣ በጋይንት፣ በመጨረሻም በስማዳ አገልግለዋል። በ1979 ዓ.ም. ከመምህር ክንዱ አበበ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ ከዚያ በፊት ግን ሙሽራው መጠጥ ያበዙ እንደሆነ የሚያጣራ ሰው ሁለት ጊዜ ልከውባቸዋል። ጽዮንንና ማቴዎስን ወልደው አሳድገዋል።

ጠርጣራ ነበሩ፤ ምን ይደበቃል! መድኃኒት ሲረከቡ ካርቶኑን አስከፍተው፣ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥተው ካላዩ አይፈርሙም። የሥራ ባልደረቦቻቸው ከጀርባቸው «ወይዘሮ እስቲ ልየው» ይሏቸው ነበር።

በ2012 ዓ.ም. በስማዳዋ ከተማ ወገዳ በአንድ የክትባት ክትትል ፕሮጀክት ይሠሩ ነበር። የየቀበሌው ጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ በስልክ አጭር መልእክት ይልካሉ፤ ወይዘሮ ላቀችም እያንዳንዱን አንብበው የታመሙትን ሕፃናት ቁጥር ወደ መዝገብ ያሰፍራሉ። በዚያ ዓመት ሥራው ለኮምፒውተር ተሰጠ። ኮምፒውተሩ በመልእክቱ ውስጥ «ኩፍኝ» የሚለውን ቃል ይፈልጋል፤ ከአጠገቡ 3 ወይም 12 የመሰለ አኃዝ ካገኘ ወደ ሠንጠረዥ ያስገባል፤ ካላገኘ ዜሮ ይጽፋል። ይህን ያዘጋጀው የወንድማቸው የይበልጣል ልጅ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቻላቸው ነው። ወይዘሮ ላቀች መልእክት ማንበብ እንዲያቆሙ ታዘዙ።

ግራር ወንዝ ከሚባለው የቆላ ቀበሌ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ዜሮ መጣ። «ይህን ዜሮ ማን ቆጠረው?» አሉ። ማሽኑ ነው ተባሉ። «ማሽኑ ግራር ወንዝ ወርዶ ያውቃል?» ብለው መልሰው ጠየቁ። ያኔ በትምህርቱ የሚኩራራው ቻላቸው ዘመኑ እንዳለፈባቸው እየሳቀ ነገራቸው። ምነው ያን ጊዜ አፉን በያዘው!

በሦስተኛው ሳምንት ትእዛዙን ትተው ዋናዎቹን መልእክቶች አስከፍተው አነበቡ። የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ቃልኪዳን ልጅ እንደ ኩንታል በአኃዝ አይጻፍም የምትል ሴት ናት። «በኩፍኝ ሰባት ልጆች ተኝተውብኛል፣ ድረሱልኝ» ብላ ሁለት ጊዜ ልካለች፤ ሰባትን የጻፈችው በፊደል ነው። ኮምፒውተሩ አኃዝ ስላጣ ዜሮ አድርጎታል።

ወይዘሮ ላቀች በዚያው ዕለት መድኃኒትና ክትባት አስጭነው፣ መንገዱ እስከሚያልቅ በመኪና ሄደው፣ የቀረውን በእግራቸው ወረዱ። ስድስቱ ልጆች ዳኑ። የአቶ ጥጋቡ ልጅ፣ የሦስት ዓመቷ ሣራ፣ ከሁለት ቀን በፊት ተቀብራ ነበር።

አጣሪዎች ሲመጡ ወይዘሮ ላቀች «መልእክት አንባቢዋ እኔ ነኝ፤ ሳላነብ ቀርቼ ነው» ብለው ፈረሙ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው፤ በ2014 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡም የሸኛቸው አልነበረም። የቻላቸው ውል ግን ታደሰ፤ የምስጋና ወረቀትም ተቀበለ። እርሳቸው ያን ቃል ሲፈርሙ አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር፤ ትንፍሽ አላለም። ከዚያ በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠርተውት፣ ኮምፒውተሩ ከአንድ እስከ መቶ ያለውን በፊደል ሲጻፍም እንዲያውቅ አስደረጉት። ቁጥር ያልተገኘበት መልእክትም ዜሮ መባሉ ቀርቶ «ሰው ያንብበው» እንዲባል አዘዙት። ስለ ደብዳቤው አንድም ቀን አላነሡበትም።

በ2016 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው በደብረ ታቦር ሲታከሙ፣ ደም ሲቀዱ በብልቃጡ ላይ የተጻፈው የእርሳቸው ስም መሆኑን ሳያዩ ንቅንቅ አይሉም ነበር። የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ የካቲት 13 ቀን በወገዳ ይፈጸማል። ባለቤታቸው መምህር ክንዱ፣ ልጆቻቸው ጽዮንና ማቴዎስ፣ ወንድማቸው ይበልጣልና አራት የልጅ ልጆች ሐዘን ላይ ናቸው።

አቶ ጥጋቡም የወይዘሮ ላቀችን መሞት ሰምተው ትናንት ከግራር ወንዝ በእግራቸው መጥተው ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ችላ ያሏት ወይዘሮ ላቀች እንደሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚያውቁት። እንዲያም ሆኖ ሊቀብሯቸው መጡ።

አቶ ጥጋቡ፣ ያ ደብዳቤ ሐሰት ነው። ሣራን ዜሮ ያደረግኳት እኔ ነኝ። አክስቴ አፈር ሳይለብሱ ይህን ይወቁልኝ።

የሰውን ልጅ አንድ በአንድ የሚያውቅ አምላክ የእናታችንን ነፍስ ከትንሿ ሣራ ጋር በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርልን። አሜን።