ቅዳሜ ባሕሩ ረግቶ ነበር

ለልጄ ለሉፔ፤ የአባትሽ አምላክ በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን የሚያመኝ ዝናብ ሲመጣ ብቻ ነው። አሳማችንም ሰባት ወልዳለች።

ቅዳሜ የአባትሽን ሙት ዓመት መቃብሩ ላይ ልናስብ ወደ ደሴቱ ልንሻገር ነበር። መቃብሩ የሚለብሰውን ጨርቅ ሦስት ወር ሙሉ ስሰፋ ከረምኩ። ዓርብ ነፋሱ የሙዙን ቅጠል ሲተለትል ወንድሜ ፌኪ መጣና «እትዬ፣ ይኼ ባሕር ሰው ይበላል፤ ጉዞው ቀርቷል» አለኝ። የጀልባ ሰው እሱ ነውና አመንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ነበር። ፌኪ ቤት ብሄድ ማንም የለም። ከሰዓት በኋላ ዘመዱ ሁሉ ፀሐይ አጥቁሮት ከጀልባው ሲወርድ ወደቡ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

«ፌኪ፣ ጉዞው ቀርቷል አላልከኝም?»

አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ በእኔ አትፍረጂ። ሉፔ ደውላ ነው፣ ‹የእማዬ ልብ ደካማ ነው፤ በነፋሱ አሳብባችሁ አስቀሯት› ያለችኝ።»

ልጄ፣ የፌኪስ ያልፋል። አንቺ ግን በዘመድ ፊት እንደ ሕፃን አታለልሽኝ። ጨርቁ ታጥፎ እዚሁ ቀረ። «እማዬ፣ ፈርቼልሻለሁና ቅሪልኝ» ብትዪኝ እኮ እያለቀስኩም ቢሆን እቀርልሽ ነበር።

ቢሆንም ከአፌ ክፉ አይወጣም። ዕድሜ ይስጥሽ፤ የወለድሽው አይዋሽሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ለፌኪ ደውዪና የፊታችን ቅዳሜ ይውሰደኝ። አንቺ ካላልሽው ጀልባው ላይ አያሳፍረኝም።

እናትሽ ላቪኒያ